አጃቢ ልትሆን ነው? ከጡንቻህ በፊት ጠባይህን አዘጋጅ

ባሕር ዳር ላይ የግል አጃቢ መሆን የሚፈልጉ ልጆችን አሠለጥናለሁ። ከደብረ ማርቆስ፣ ከቡሬ፣ ከሞጣ፣ ከዳንግላ ይመጣሉ። ትከሻቸው ሰፊ ነው። ሩጫ ይችላሉ። ብዙዎቹ ቴኳንዶ ሠርተዋል። ሥራም ያገኛሉ። ከዚያ የሙከራ ጊዜያቸውን ሳይጨርሱ ተሰናብተው ይመለሳሉ። ምን ሆንክ ብዬ ስጠይቅ የምሰማው ያው ነው። አንዱ ተሰደብኩ ብሎ ሰው መትቷል። አንዱ የአሠሪውን ጉዳይ ቡና ላይ አውርቷል። አንዱ ስልኩን ሲነካካ አሠሪው በሌላ በር ወጥተው ሄደዋል።

ጉልበት አንሶት የተባረረ ልጅ እስካሁን አላጋጠመኝም። ስለዚህ እዚህ የምጽፈው ስለ ጠባይ ነው። ጠባይ ይለመዳል፤ ግን ልምምድ ይፈልጋል። ደረጃዎቹን በተራ ሂድባቸው። አንዱ ሳይያዝልህ ወደ ሌላው አትዝለል። ለሁሉም ስድስት ሳምንት ያህል ያዝ።

«አንተ» እያልኩ የምጽፈው ለአጻጻፍ እንዲቀለኝ ነው። ሴት አጃቢ ዛሬ በጣም ትፈለጋለች። ሴት አሠሪን ልብስ መለኪያ ክፍልና መታጠቢያ ቤት ድረስ መከተል የምትችለው እሷ ናት። እህቶቼ፣ ሁሉም ለእናንተም ነው።

ከመጀመርህ በፊት

እነዚህን አሟላ፦

- የእጅ ሰዓት። ሰዓት ለማየት ስልክ የሚያወጣ አጃቢ ስልኩ ላይ ይቀራል።
- ኪስ የሚገባ ትንሽ ደብተርና እስክሪብቶ።
- እውነቱን ፊት ለፊት የሚነግርህ ጓደኛ። የሚያሞካሽህን አትምረጥ።
- የዓይንና የጆሮ ምርመራ። መነጽር የሚያስፈልገው ልጅ ሳያውቀው ዓመታት ሲሠራ አይቻለሁ።
- ወረቀት፦ መታወቂያ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ ከወንጀል ነፃ መሆንህን የሚያሳይ የፖሊስ ማስረጃና ዋስ። ዋስ መፈለግ ጊዜ ይበላል። ዛሬውኑ ጀምር።

ደረጃ 1፦ ስድብ መዋጥ ልመድ

እዚህ ላይ ብዙ እቆያለሁ። እኛ አገር የሚከብደው ይህ ነውና። ሽለላና ፉከራ እየሰማን ነው ያደግነው። ተሰድቦ ዝም ያለን ሰው «ይሄም ወንድ ነው?» እንላለን። አጃቢ ግን ከሰዳቢው ጋር በተያያዘባት ቅጽበት የሚጠብቀው ሰው ብቻውን ቀረ። አንዳንድ ሰዳቢ ደግሞ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። አንተን ወደ አንድ ጎን ይስብሃል፣ ጓደኛው በሌላ ጎን ይመጣል።

አንድ ሰርግ ላይ ያየሁትን ልንገርህ። ደብረ ማርቆስ ነው፣ ድንኳኑ ጢም ብሏል። ያሠለጠንኩት ልጅ አንድ አዛውንት ነጋዴ ያጅባል። አንድ ሞቅ ያለው ሰው መጣና ክራቫቱን ጨብጦ ጎተተው። «አንተ የማን ውሻ ነህ?» አለው። ልጁ የሰውየውን አንጓ ይዞ ጠመዘዘው። አያያዙ ጥሩ ነበር፤ እኔው ነኝ ያስተማርኩት። ሰውየው ጮኸ። ዘመዶቹ ተነሡ። ዱላ ተነሣ። አዛውንቱ ጋቢያቸው ከትከሻቸው ወድቆ፣ አንድ ጫማ ወልቆባቸው፣ መሐል ላይ ብቻቸውን ቆመዋል። ጎትቶ ያወጣቸው ሾፌሩ ነው። ማንም አልተጎዳም። ልጁ ግን በዚያው ማታ ተሰናበተ።

ምን ማድረግ ነበረበት? ክራቫቱን ለሰካራሙ መተው። በነፃ እጁ የአዛውንቱን ክንድ ይዞ «ጋሼ፣ እንውጣ» ማለት። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጆቼ የሚያስሩት በመቆንጠጫ የሚያያዝ ክራቫት ነው። ሲጎተት ተነቅሎ ይቀራል።

የዚህ ሥራ ዋና ችሎታ ይዞ መሄድ ነው። ሰኔ 19 ቀን 1987 አዲስ አበባ ላይ የግብፁ ፕሬዚዳንት ሙባረክ አጀብ ሲተኮስበት፣ እሳቸውን የያዘው መኪና ዞሮ ወደ ቦሌ ተመለሰ። ከዚያ በአውሮፕላን ወደ ካይሮ ሄዱ። የመጡበት የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስብሰባ አመለጣቸው፣ ሰውየው ግን ዳኑ።

ልምምዱ እንዲህ ነው፦

1. ጓደኛህ ፊት ለፊትህ ቆሞ አሥር ደቂቃ ይስደብህ። ቁመትህን፣ ሠፈርህን፣ ቤተሰብህን ያንሣ። አንተ ዓይንህን ከእጁ አትንቀል። አትመልስ። አትሳቅ።
2. በዚያው መሐል እስትንፋስህን ቁጠር። እስከ አራት እየቆጠርክ ሳብ፣ በአራት ያዝ፣ በአራት አስወጣ፣ በአራት ቆይ። ልብ ሲመታ አንገት ይደርቃል፣ የዳር እይታም ይጠባል። ይህ አተነፋፈስ ያረጋጋሃል።
3. በሁለተኛው ሳምንት ሰዳቢዎቹ ሦስት ይሁኑ፤ ቀስ ብለውም ይግፉህ። ሥራህ አንድ ሌላ ጓደኛህን ከክፍሉ ጥግ እስከ በሩ ማድረስ ብቻ ነው። ማንንም ካልመታህና ሰውየው ከበሩ ከወጣ አልፈሃል።
4. ከዚያ በጠዋት መናኸሪያ ሂድና አንድ ሰዓት ቁም። ረዳት ይገፋሃል፣ ተሸካሚ «ዞር በል» ይልሃል። ስንት ጊዜ እንደተገፋህና ስንት ጊዜ ፊትህ እንደተለወጠ ማታ ጻፍ።

ማስጠንቀቂያ፦ ልምምዱን ካልተስማማ ሰው ጋር አታድርግ። ሆን ብለህ ሰው አታናድድ።

*ካልሆነልህ፦* ቁጣ ሳይደርስ ምልክት ይልካል። ጆሮ ይግላል፣ መንጋጋ ይጠብቃል፣ ጣት ይጨበጣል። የአንተ የትኛው እንደሆነ ጓደኛህን ጠይቅና ጻፈው። ምልክቱ ሲመጣ አንድ እርምጃ ወደ አሠሪህ ተጠጋ። ወደ ሰዳቢው መሄድ የለመደው እግርህ አቅጣጫ ይቀይራል። እንደገና ከቁጥር 1 ጀምር። ሦስት ጊዜ ጀምረህ ሦስቱንም ጊዜ እጅህ ከተነሣ ግን ይህን ሥራ ተወው። ላስከፋህ ብዬ አይደለም። በእጅህ የሚሰጥህ የሰው ነፍስ ነው።

ደረጃ 2፦ ፊት ትተህ እጅ እይ

ፊት ያታልላል። ጉዳት የሚመጣው በእጅ ነው። ስለዚህ ሰው ሲቀርብ መጀመሪያ እጁን፣ ቀጥሎ ወገቡን፣ በመጨረሻ ፊቱን እይ።

እኛ ጋ ችግሩ ጋቢ ነው። በደጋው፣ በተለይ ማርቆስና ጮቄ አካባቢ፣ ጠዋት ሁሉም ሰው ተከናንቧል። እጅ አይታይም። ያኔ ክርኑን እይ። ብርድ የያዘው ሰው ሁለቱንም ክንድ ደረቱ ላይ ያጥፋል፤ ጋቢው እኩል ይወርዳል። ከባድ ነገር የደበቀ ሰው ግን አንዱ ክርኑ ከጎኑ ጋር ይጣበቃል፣ ጋቢውም ወደዚያው ይዘነበላል። ሲራመድ አንዱ እጁ ይወዛወዛል፣ ሌላው አይንቀሳቀስም። ይህ ብቻውን ወንጀለኛ አያደርገውም። ሕፃን ወይም ዳቦ አቅፎ ሊሆን ይችላል። አንተ በእሱና በአሠሪህ መካከል ግባ፣ በቃ።

ዱላም እንደዚሁ። ገበሬ ሁሉ ዱላ ይይዛል፤ ዱላ ባየህ ቁጥር የምትደነግጥ ከሆነ አንድ ቀን አትውልም። አያያዙን እይ። ትከሻ ላይ የተጋደመ ወይም መሬት ላይ የተተከለ ዱላ የመንገደኛ ነው። ቀጭኑን ጫፍ ጨብጦ ወፍራሙን ዝቅ አድርጎ የሚመጣ ሰው ግን ሌላ ሐሳብ ይዟል።

ልምምዱ ቀላል ነው። የገበያ ቀን ጠብቀህ መግቢያው ላይ ግማሽ ሰዓት ቁም። ደብተር አታውጣ። ስትመለስ ያስታወስካቸውን አሥር ሰዎች ጻፍ፦ በየትኛው እጅ ምን ያዙ፣ ምን ለበሱ፣ ወዴት ሄዱ። መጀመሪያ ቀን ሦስት ብታገኝ ደህና ነህ።

*ዓይንህ ከፈዘዘ፦* ከሃያ ደቂቃ በኋላ እያየህ አለማየት ይመጣል። አካባቢውን በሦስት ክፈለው፦ ክንድ የሚደርስበት፣ አሥር እርምጃ የሚደርስበት፣ ከዚያ ወዲያ ያለው። በተራ ተመላለስባቸው። እግርህን ቀይር። ውሃ ጠጣ።

ሰላምታ ሲመጣ

ይህን ለብቻው አነሣዋለሁ፤ የውጭ አገር መመሪያ አንብበው የመጡ ልጆች እዚህ ላይ ይወድቃሉና። እኛ ጋ ሰው ሰላም የሚለው ተጠግቶ፣ አቅፎ፣ ሦስት አራት ጊዜ ስሞ ነው። ቄስ ሲመጡ ሰው ጎንበስ ብሎ መስቀል ይሳለማል። እናቶች እያለቀሱ አንገት ላይ ይጠመጠማሉ። ደረታቸው ላይ እጅህን ዘርግተህ ከገፋሃቸው አሠሪህን ከነቤተሰባቸው አዋረድክ።

እንዲህ አድርግ፦

1. ሰላምታ የሚሰጠው ሰው ሲቀርብ ከአሠሪህ ጎን ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ቁም። ክንድህ ቢዘረጋ ትከሻቸው ላይ መድረስ አለበት።
2. የሚስመውን ሰው ትተህ ከኋላው ተራ የሚጠብቁትን እይ። አደጋ ካለ የሚመጣው ከወረፋው ነው።
3. ወረፋው ከበዛ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ በአክብሮት ተናገር፦ «እማማ፣ ትንሽ ይታገሡኝ፤ እንዳይደክማቸው ነው።» ለእኩያህ «ወንድሜ፣ አንድ ጊዜ» ይበቃል።
4. አሠሪህ ጎንበስ ሲሉ አንተ ቀና በል። ሁለታችሁም ጎንበስ ካላችሁ የሚያይ ሰው የለም።

ደረጃ 3፦ ሆድህን አስፋ

ሆድ ካገር ይሰፋል ይባላል። የአጃቢ ሆድ ከዚያም መስፋት አለበት። የአሠሪህን ሕመም፣ ጠብ፣ ብድር፣ ጉዞ ትሰማለህ። ለእናትህም አትናገርም። ለሚስትህም አትናገርም።

ጠያቂዎች ክፉዎች አይደሉም፤ ብዙውን ጊዜ ዘመድ ናቸው። «ጋሼ የት ሄዱ?» ይሉሃል። «አላውቅም» አትበል፤ ውሸቱ ያስታውቃል። «መልእክት ካለ ላድርስልዎት» በል። ደጋግመው ከጠየቁም ያንኑ መልስ በዚያው ድምፅ ድገም።

ስልክ ላይ ጥብቅ ሁን። ከአሠሪህ ጋር ፎቶ አትነሣ። የሆቴሉን በረንዳ፣ የመኪናውን ውስጥ፣ የጣናን ዳርቻ ቲክቶክ ላይ አትልቀቅ። ፊታቸው ባይታይም ቦታው ይታወቃል። ስልክህ ያለህበትን ቦታ ለሌላ ሰው የሚያሳይበትን ቅንብር ዝጋ።

*ካመለጠህ፦* ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አትመልሰውም። ጉዳቱን ግን መቀነስ ትችላለህ። በዚያው ቀን ለአሠሪህ ንገር፦ ለማን፣ ምን፣ መቼ። ከዚያ የተወራውን ሰዓት ወይም መንገድ አስቀይር። ደብቀህ ሌላ ሰው ከነገራቸው አበቃልህ።

ደረጃ 4፦ ቀድመህ ድረስ

ሰዓት ማክበር እዚህ ሥራ ላይ ከሰው በፊት ቦታውን ማወቅ ማለት ነው። ለቀጠሮ የሚሄዱበትን ቦታ ከዋዜማው ሄደህ እይ። ስንት በር አለ? የኋላው በር ቁልፉ ማን ጋ ነው? መብራት ቢጠፋ ደረጃው የት ነው? ቅርብ ጤና ተቋም የቱ ነው? ደብተርህ ላይ ሣለው። ሥዕሉ ባያምርም ግድ የለም።

መኪናው አፍንጫውን ወደ መውጫው አዙሮ ይቁም። ነዳጅ ከግማሽ በታች አይውረድ፤ በችኮላ ሰዓት ሰልፍ መያዝ አትችልም። ከከተማ ስትወጡ መንገዱ ክፍት መሆኑን በዚያው ጠዋት ከዚያ ከመጣ ሾፌር ጠይቅ። የትናንት ወሬ ይዘህ አትነሣ። በደጀን በኩል ዓባይ በረሃ ከወረዳችሁ ሙቀቱ ይለወጣል፣ ቁልቁለቱም ፍሬን ያግላል። ሾፌሩ በከባድ ማርሽ ይውረድ፤ ውሃ በጀሪካን ይኑር።

ጣና ላይ ገዳም ለመሳለም በጀልባ ከሄዳችሁ ሁለት ነገር አስብ። አንደኛ፣ ዋና ትችላለህ? ደጋ ያደገ ልጅ ብዙውን ጊዜ አይችልም። ካልቻልክ ዛሬ መማር ጀምር። እስከዚያ የመንሳፈፊያ ሰደርያውን ለአሠሪህም ለራስህም ሳታስለብስ አትነሣ። ሁለተኛ፣ እንደ ክብራን ገብርኤል ያሉ ገዳማት ሴት አያስገቡም። አጃቢዋ ሴት ከሆነች ወንድ ባልደረባ ከዋዜማው ይመደብ።

*ከዘገየህ፦* ሰበብ አትደርድር። ደውለህ ስንት ደቂቃ እንደቀረህ ንገር፤ እስክትደርስ አሠሪህ ከግቢ እንዳይወጡ አድርግ።

ደረጃ 5፦ ሰውነትህ

ይህን ብዙዎቻችሁ ስለምታውቁት አላረዝመውም። ጡንቻ ከማሳበጥ ይልቅ እኩያህን ከወለል አንሥቶ ሃያ ሜትር መሸከም፣ ሁለት ፎቅ ሮጦ ወጥቶ በረጋ ድምፅ ማውራት፣ አሥር ሰዓት መቆም ይጠቅምሃል። ቀን ሙሉ ጫማህን ሳታወልቅ ሞክረው።

ደም ማቆም ግን ሳታውቅ ሥራ አትጀምር። ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ በሁለት እጅህ አጥብቀህ ተጫን። እስኪ ልይ ብለህ አታንሣው። ጨርቁ ከራሰ በላዩ ላይ ሌላ ጨምር። ከእጅ ወይም ከእግር የሚፈስ ደም እምቢ ካለ፣ ከቁስሉ በላይ አራት ጣት ያህል ከፍ ብለህ ሰፋ ባለ ነገር አጥብቀህ እሰር። መገጣጠሚያ ላይ አትሰር። ያሰርክበትን ሰዓት ጻፍ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991 ነው። በቃልህ ያዛቸው።

ሰርግ ላይ ሰው «በሞቴ!» ብሎ ጠላና አረቄ ያቀርብልሃል። «ተባረኩ፣ ሥራ ላይ ነኝ፤ ውሃ ይበቃኛል» በል። ውሃውን ፊታቸው ጠጣ፤ ያኔ አይከፋቸውም። ጫት የሚቅም ሰው ሲደክመው ዓይኑም አብሮ ይደክማል፤ ከሥራው ጋር አይሄድም።

ጾምም አለ። ሑዳዴ 55 ቀን ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ ሳትቀምስ ፀሐይ ላይ ቆመህ ብትወድቅ ለማንም አትሆንም። ረጅም ጉዞ ያለበትን ቀን ቀድመህ ለንስሐ አባትህ ንገርና ምክር ጠይቅ። ለቡድን መሪህም ንገር፤ ተረኛ እንዲቀይርህ።

ደረጃ 6፦ ለአሠሪህ «አይሆንም» በል

ከባዱ ነገር አክብሮት ሳይጎድል እምቢ ማለት ነው። ልጆቻችን ታላቅ ሰው ፊት ዝም ማለት ተምረዋል። አሠሪህ ግን ሻንጣቸውን ያሸክሙሃል፣ ጃንጥላ ያስይዙሃል፣ «ሂድና ሲጋራ ግዛልኝ» ይሉሃል። እጅህ ከተያዘ ጠባቂ አይደለህም። እንዲህ በል፦ «ጋሼ፣ እጄ ነፃ ይሁን፤ ሻንጣውን ሾፌሩ ይያዝልዎት።» አንድ ጊዜ፣ በረጋ ድምፅ፣ ሰው ሳይሰማ።

ይህን ውል ሳትፈርም በፊት ተነጋገርበት። ምን እንደምትሠራና ምን እንደማትሠራ በወረቀት ይስፈር። ሕገ ወጥ ነገር ካዘዙህ፣ ሰው ማስፈራራትም ይሁን ዕዳ ማስከፈል፣ እምቢ ብለህ ውጣ። አጃቢ ነህ፤ የማንም ጉልበተኛ አይደለህም።

ደረጃ 7፦ መሣሪያና ሕግ

የአባትህ ጠመንጃ ለቤትህ ክብር ነው፤ የሥራ መሣሪያህ ግን አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ ያስጠይቃል። ፈቃዱ በማን ስም ነው? ለየትኛው መሣሪያ? ለየትኛው ቦታ? ሦስቱንም ወረቀት ላይ ሳታይ አትያዝ።

የ1996ቱን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78ንና 79ን አንብብ። የመጀመሪያው ራስን ወይም ሌላን ሰው ከጥቃት ስለ መከላከል ነው። ሁለተኛው ከልክ ያለፈ መከላከልን ይመለከታል። ጥቃቱ ካቆመ በኋላ የምትመታው ምት መከላከል አይባልም። ሰውየው ከሮጠ አታባርረው። ከአሠሪህ ጋር ቅር።

ደረጃ 8፦ የመጀመሪያው ሳምንት

1. ከመጀመሪያው ቀን በፊት ቤተሰቡን ተዋወቅ፦ የቤት ሠራተኛዋን፣ ዘበኛውን፣ ሾፌሩን በስማቸው። አደጋ መጀመሪያ የሚታያቸው እነሱ ናቸው። ዘበኛውን በንቀት የሚያይ አጃቢ ግማሽ ዓይኑን አጣ።
2. ከአሠሪህ ጋር አንድ ቃል ተስማሙ። ያንን ቃል ስትናገር ሳይጠይቁ ይከተሉሃል። በወሬ መሐል የማይገባ ቃል ይሁን።
3. በሦስተኛው ቀን ልምምድ አድርጉ። ቃሉን ተናገርና ከሳሎን እስከ መኪናው ስንት ሴኮንድ እንደፈጀ በሰዓትህ ያዝ። በማግሥቱ ድገሙት።
4. ከተሳሳትክ በዚያው ሰዓት አትጨነቅበት። ሥራህን ጨርስ። ማታ ቤትህ ስትገባ ሦስት መስመር ጻፍ፦ ምን አየሁ፣ ምን አመለጠኝ፣ ነገ ምን እቀይራለሁ። የሰው ስምና የቦታ ስም አታስገባ።
5. ቅዳሜ ማታ የሳምንቱን ገጾች አንብብ። የተደጋገመውን ስህተት በንጹሕ ገጽ ገልብጥ። የቀሩትን ቀደህ ምድጃ ውስጥ ክተት፤ አመድ እስኪሆኑም ቁመህ ጠብቅ።